የሪቮልቨር እጀታ አመራረጥ፦ ለእጅ የሚመች፣ ርግጫን ለመቻል የሚረዳ

ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሲረግጥ ሰው ሁሉ ጥይቱን ይወቅሳል። እውነት ነው፣ የርግጫውን ልክ የሚወስኑት የጥይቱ ኃይልና የመሣሪያው ክብደት ናቸው። ያንኑ .38 ስፔሻል ጥይት 425 ግራም በምትመዝን ቀላል ሽጉጥ ስትተኩሱትና አንድ ኪሎ በሚጠጋ ብረት ስትተኩሱት ልዩነቱን መዳፍ ወዲያው ያውቀዋል። እጀታ ይህን ኃይል አይቀንሰውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚለውጠው። ቀጭን እጀታ ምቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ባለችው ስስ ሥጋ ላይ ያከማቸዋል፤ ሞላ ያለው ደግሞ ለመላው መዳፍ ያካፍለዋል።

ምርጫው የሚጀምረው ከጣት ርዝመት ነው። በቅድሚያ ጥይቱን አውጥታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ተሽከርካሪውን (ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ክፍል) ከፍታችሁ የጥይት ጎሬዎቹን አንድ በአንድ በጣት ዳስሱ። ከዚያ አፈሙዙ ከክንዳችሁ ጋር አንድ መስመር እንዲሠራ አድርጋችሁ ያዙና ሌባ ጣታችሁን ምላጩ ላይ አሳርፉ። ምላጩ ከጣቱ ሆድ እስከ መጀመሪያው አንጓ እጥፋት ባለው ቦታ ላይ ካረፈ ልክ ነው። የጣቱ ጫፍ ብቻ ከነካ እጀታው ከኋላ ወፍሯል። እንዲህ ሲሆን ሰው ምላጩን ለመድረስ እጁን ወደ ጎን ያዞራል፣ ርግጫውም በቀጥታ የአውራ ጣት አንጓ ላይ ይወርዳል። መዶሻው (ከኋላ ተነሥቶ የሚመታው ብረት) በእጅ ሳይነሣ ምላጭ መሳብ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ስለሚፈልግ፣ ጫፉ ብቻ የደረሰ ጣት አፈሙዙን ወደ ጎን መጎተቱ አይቀርም። ደሴ ላይ በጦሳ ብርድ ሌሊቱን ጥበቃ የሚያድር ሰው ይህን መለኪያ ከነጓንቱ ይድገመው።

ቀጥሎ የእጀታውን ጀርባ እዩ። የጀርባውን ብረት በጎማ የሚሸፍን እጀታ ምቱን ያለዝባል፣ ግን ምላጩን ያርቃል። ብረቱን ገልጦ የሚተወው ለአጭር ጣት ይመቻል፣ በጠንካራ ጥይት ግን ያማል። ትልቅ እጅ ያለው የተሸፈነውን ይውሰድ። ትንሽ እጅ ያለው ክፍቱን ይዞ ጥይቱን ቢያቀል ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከምላጭ መከለያው ጀርባ ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ካልተሞላ መከለያው በየተኩሱ የመሃል ጣትን አንጓ ይቀጠቅጣል። ጣቱ ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ ችግሩ እዚያ ነው። የጣት ቦታ ተቦርቡሮ የመጣ እጀታ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ጉድጓዱ ከጣታችሁ ጋር ካልገጠመ ግን ጉብታው በጣት መሃል ሳይሆን ጣት ላይ ያርፋል፣ አትግዙት።

ጎማ ላብ ባለበት እጅ አይንሸራተትም፤ ለኮምቦልቻ ሙቀት ጥሩ ነው። ጥፋቱ ልብስ መያዙ ነው፦ ከጃኬት ወይም ከጋቢ ሥር ሲሆን ጨርቁን ይዞ ይነሣል። የመሣሪያ ዘይት ሲደጋገምበትም አንዳንዱ ይለሰልስና ይጣበቃል። እንጨት ከልብስ ሥር በቀላሉ ይወጣል፣ ግን በጣም ከለሰለሰ በየተኩሱ እጅ ውስጥ ይዞራል። ከወይራ ማስጠረብ ለሚፈልግ፣ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ሲደርቅ ድገሙ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አጨማዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስትፈቱ እጀታውን በቢላ አትፈልቅቁ። ከአፉ ጋር በትክክል በሚገጥም መፍቻ ብሎኑን ጥቂት ዙር አላሉና ራሱን በመፍቻው እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ የወዲያኛው ጎን በራሱ ይነሣል። ስትገጥሙ የታችኛው ፒን ጎድጓዳው ውስጥ መግባቱን ሳታዩ አታጥብቁ። እንጨት የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ከዚያ ባዶውን ምላጭ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከበደ ወይም ከተፋቀ እጀታው ከውስጥ የመዶሻውን ሞላ እየነካ ነው። ባለ .22 ከሆነ ግን ያለ መለማመጃ ጥይት በባዶው አታስመቱት፣ የመምቻው ጫፍ የጎሬውን ከንፈር ይጎዳል። ተሽከርካሪውንም ክፈቱ፤ ቀለሆቹ ሲወጡ የግራውን እጀታ ጫፍ ከነኩ ያቺ ጫፍ ትሞረድ።

በተፈቀደ የተኩስ ቦታ አምስት ጥይት ተኩሱ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አያያዛችሁን ማስተካከል ካስፈለጋችሁ እጀታው ወይ ለስልሷል ወይ ቀጥኗል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ በብዙ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች የመሣሪያው ቁጥር የተመታው ከእጀታው ብረት ግርጌ ነው። ከታች የሚጠቀልል ጎማ ይሸፍነዋል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ በፈቃድ ስለሚያዝ ቁጥሩ ከፈቃዱ ጋር ሲመሳከር መታየት አለበት፤ ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ የብሎኑን መፍቻም ከፈቃዱ ጋር አኑሩ።