ከ«ይሠራል» ወደ «ወርክስ»፦ የእንግሊዝኛን ግስ በአሁን ጊዜ ማርባት

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስሕተት ከስንፍና የሚመጣ ሳይሆን ከአማርኛው ግስ ሙላት የሚመነጭ ነው። የእኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይዟል፤ «እሠራለሁ፣ ትሠራለህ፣ ትሠሪያለሽ፣ ይሠራል፣ ትሠራለች፣ እንሠራለን፣ ትሠራላችሁ፣ ይሠራሉ» ስንል 8 የተለያዩ መልኮችን እናወጣለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ሁሉ ያለው «ወርክ» እና «ወርክስ» ብቻ ነው። ስለዚህ «ይሠራል» በአማርኛ ብቻውን ዓረፍተ ነገር ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ ባለቤቱን አስቀድሞ «ሂ ወርክስ» ማለት ግድ ይላል።

ሲምፕል ፕረዘንት የሚያገለግለው ለልማድና ዘወትር እውነት ለሆነ ነገር ነው። «እናቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች» የሚለው «ማይ መዘር ሴልስ በተር ኢን ባቲ ኤቭሪ መንደይ» ይሆናል። ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ወይም በእነዚህ የሚተካ ነጠላ ስም ሲሆን በግሱ መጨረሻ ኤስ ይጨመራል፤ ለሌሎቹ ግሱ እንዳለ ይቀራል። አያቱን «አንቱ» እያለ ያደገ ልጅ ግን «አያቴ ይሠራሉ» የሚለውን በልቡ ይዞ «ማይ ግራንድፋዘር ወርክ» ይላል፤ የአክብሮቱ መልክና የብዙ ቁጥሩ መልክ በአማርኛ አንድ ስለሆኑ ነው። የእንግሊዝኛ ግስ አንቱታን የሚያሳይበት መልክ የለውም፤ «ሂ ወርክስ» ማለትም አያትን መድፈር አይደለም።

በአሉታና በጥያቄ ጊዜ ኤሷ ከዋናው ግስ ተነሥታ ወደ ረዳት ግሱ ትሄዳለች፤ «ሺ ዳዝ ኖት ወርክ»፣ «ዳዝ ሺ ወርክ?» ይባላል። «ዳዝ» ካለ «ወርክስ» አይኖርም።

አሁን በመካሄድ ላይ ላለ ድርጊት የምንጠቀመው ፕረዘንት ኮንቲኒየስን ነው፤ «አይ አም»፣ «ሂ ኢዝ»፣ «ዘይ አር» ካልን በኋላ ግሱ ላይ አይ ኤን ጂ እንጨምራለን፤ «እየሠራች ነው» «ሺ ኢዝ ወርኪንግ» ይሆናል። እንደ «ኖው» እና «ዋንት» ያሉ የማወቅና የመፈለግ ግሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቅጥያ አይቀበሉም።

ፕረዘንት ፐርፌክት የሚመሠረተው «ሀቭ» ወይም «ሀዝ» ከሦስተኛው የግስ መልክ ጋር ሲጣመር ነው፤ «ሥራውን ጨርሷል» «ሂ ሀዝ ፊኒሽድ ሂዝ ወርክ» ይባላል። ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ተኝቷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ነጠላ ለብሳለች» የሚሉት ከ«ጨርሷል» ጋር አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው፣ ተማሪው ሁሉንም በ«ሀዝ» ይተረጉማቸዋል፤ የእንግሊዝኛው ተናጋሪ ግን «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ነጠላ» ነው የሚለው። መለያው ጥያቄ ነው፤ ግሱ «አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ለሚለው መልስ ከሆነ «ኢዝ» እና አይ ኤን ጂ፣ «ምን ፈጽሟል?» ለሚለው መልስ ከሆነ ደግሞ «ሀዝ» ይመረጣል።

ቀድሞ ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀ ድርጊት በፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ ይነገራል። እኛ «ወንድሜ ኮምቦልቻ ከሰኞ ጀምሮ እየሠራ ነው» ስለምንል፣ በ«ኢዝ ወርኪንግ» መተርጎም ይቀናናል፤ ትክክለኛው ግን «ማይ ብራዘር ሀዝ ቢን ወርኪንግ ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ መንደይ» ነው። የተነሣበት ጊዜ ሳይሆን የቆየበት ርዝመት ሲነገር «ሲንስ» በ«ፎር» ይተካል፤ «5 ዓመት» ለማለት «ፎር ፋይቭ ይርስ» እንላለን።