ከስትሮክ በኋላ ቤት የገባ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ

እኛ ጅማ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ግን ሰው ይሳሳል። እርዳታው በደንብ የሚያስፈልገው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ከእድር ወይም ከጎረቤት ሦስት አራት ሆናችሁ ቀን ተከፋፈሉ።

አደራ፣ በሽተኛውን በደከመው እጁ ይዛችሁ አትጎትቱ። ጡንቻው ስለሚላላ ትከሻው ሊጎዳ ይችላል። እኔ ሳላውቅ አጎቴን ባጃጅ ላይ ላወጣ ብዬ እጁን ስቤ አስጮኼዋለሁ። ደረጃ መውጣት ከጀመረ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የደከመው። እናንተ በደከመው ጎኑ ቁሙና ወገቡን ደግፉ።

ሲበላና ሲጠጣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ መስጠቱን አቁሙና ለሐኪሙ ንገሩ። «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» አይባልም። ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

መናገር ካቃተው አትጩኹበት፤ ጆሮው ደህና ነው። «ሻይ ነው ቡና?» ብላችሁ ዕቃውን አሳዩትና ታገሱ። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት።

የደም ግፊት ክኒኑንም «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቆም ተከታተሉ። ድንገት ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ስኒውን አስቀምጡና ወዲያው ሆስፒታል።