ዕድሜ ሲገፋ ደካማ ቁርጭምጭሚትን እንዴት ማጠንከር ይቻላል

ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ ወለም የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ በጫማው ወይም በመንገዱ ያሳብባል። ይሁን እንጂ ዕድሜ ሲገፋ ከጡንቻው ጋር፣ እግር በምን አኳኋን እንዳረፈ ለአንጎል የሚያሳውቀው ስሜትም አብሮ ይዳከማል፤ ቀደም ሲል ወለምታ የደረሰበት እግር ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው የሰፋ ነው። ስለዚህ ጡንቻን ብቻ ማፈርጠም አይበቃም።

ልምምዱን በሚዛን መጀመር ይሻላል። ከግድግዳ ወይም ከማይንሸራተት ወንበር አጠገብ ቆመው በእጅዎ እየተደገፉ አንዱን እግር ከወለሉ ጥቂት ያንሡና 10 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያም እግር ይቀይሩ። የቆሙበት ቁርጭምጭሚት ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፤ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሚዛንዎን ለመጠበቅ እየሠሩ ነው። ጊዜውን ቀስ በቀስ ወደ 30 ሰከንድ ካሳደጉ በኋላ ድጋፉን በአንድ ጣት ብቻ ያድርጉት፣ ቀጥሎም እጅዎን ከግድግዳው ሳያርቁ ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ይሞክሩ። ይህን ጥርስ እየቦረሹ መሥራት የሚመክሩ አሉ፤ ወለሉ እርጥብ ከሆነ ግን እኔ አልስማማም።

ሁለተኛው ተረከዝን ማንሳት ነው። ወንበሩን ይዘው በሁለቱም እግሮች ጣቶች ላይ ከፍ ይበሉ፤ ሲወርዱም 3 ሰከንድ ያህል ወስደው በዝግታ ይውረዱ፣ ባትን ይበልጥ የሚያሠራው ይህ አወራረድ ነውና። 10 ጊዜ ደጋግመው ካረፉ በኋላ አንድ ዙር ይጨምሩ፤ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ሲቀልልዎ በአንድ እግር ይሥሩት።

አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍና በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ከመጠን በላይ ሲሳቡ ስለሆነ፣ ይህን መታጠፍ የሚገቱት ከቅልጥም ውጫዊ ጎን ያሉት ጡንቻዎች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። ተቀምጠው የሚለጠጥ ላስቲክ በሁለቱ እግሮችዎ ፊት ላይ ይጠምጥሙ፤ ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሡና ጉልበትዎን ሳያንቀሳቅሱ አንዱን እግር ወደ ውጭ ይግፉ፣ በዝግታም ይመልሱ። በእያንዳንዱ እግር ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይድገሙት። በመጨረሻ ግድግዳ ገፍተው፣ የኋላ እግርዎን ተረከዝ ከመሬት ሳያነሡ ባትዎን ለ30 ሰከንድ ያፍታቱ።

በአንድ ጎን ያለቀ ጫማ እግርን ስለሚያዘነብል ይለውጡት፤ ደረጃ ሲወርዱም መብራት ያብሩ። ልምምዱ የሚወጋ ሕመም ካስከተለ ያቁሙ። አዲስ ወለምታ ደርሶብዎ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተዎ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያም ከሆነ ስብራት ሊኖር ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያይዎ ምንም ዓይነት ልምምድ አይጀምሩ።