አዲሱ ቁልፍ ሲነካ ዝም ካለ

በጄኪውሪ (jQuery፣ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ገጽ ለምትሠሩ። ድሬ ላይ ለአንድ የቀፊራ ሱቅ የዕቃ ዝርዝር ስሠራ ያገኘኋት ዘዴ ናት። በ«አፔንድ» (append) አዲስ ዕቃ ትጨምራላችሁ፤ «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ አብሮ ይመጣል። ስትነኩት ግን ዝም! የድሮዎቹ ሁሉ ይሠራሉ።

ክሊኩን ከየቁልፉ ላይ አንሡና ዝርዝሩን በያዘው ኤለመንት ላይ እሰሩት። ለማሰር በሚያገለግለው «ኦን» (on) ላይ መጀመሪያ «ክሊክ»፣ ከዚያ የቁልፉን ክላስ ከነነጥቡ፣ መጨረሻ ላይ ፈንክሽኑን ስጡ። መሃል ያለችውን ክላስ እንዳትረሷት፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት።

ምክንያቱም ተራው ክሊክ የሚታሰረው በዚያች ደቂቃ ገጹ ላይ ባሉት ቁልፎች ብቻ ነው። ክሊክ ግን ከተነካው ቁልፍ ተነሥቶ ወደ ወላጆቹ፣ ማለትም ቁልፉን ወደያዙት ኤለመንቶች፣ ይወጣል። ወላጁ «የማን ነው?» ብሎ የሚያጣራው ሲነካ ስለሆነ፣ ቁልፉ መቼም ይጨመር መቼ ለውጥ የለውም። 200 ዕቃ ቢኖርም አንድ ማሰሪያ ይበቃል። ስልኩ ደከም ላለ ደንበኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ኦን» ያለው ከ1.7 ቨርዥን ወዲህ ነው። ለስክሮልና ለምስል ሎድ ግን አትሞክሩት፤ እነሱ ወደ ላይ አይወጡም። ደግሞ ዶክዩመንቱ ላይ ከማሰር ቅርብ ያለውን ወላጅ ምረጡ።