ለምናባዊ ዓለም ሀገራት ሕግ እንዴት ይቀረጻል?

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥሩ ደራስያን ለእያንዳንዱ ሀገር ካርታውን፣ ሥርወ መንግሥቱን፣ ሃይማኖቱንና ሠራዊቱን በትጋት ካዘጋጁ በኋላ፣ ሕጉን «ንጉሡ የወደደውን ይፈርዳል» ወይም «ሕዝቡ በሽማግሌ ይዳኛል» በሚል አንድ መስመር ያልፉታል። ጉድለቱ የሚታየው ታሪኩ ድንበር ሲሻገር ነው፤ በአንዱ ሀገር የተፈጸመ ግድያ፣ የተካደ ብድር ወይም የፈረሰ ጋብቻ በሌላው ሀገር ምን እንደሚያስከትል ደራሲው ራሱ መልስ ያጣል። ከዚህ በታች የቀረበው መንገድ የየሀገሩን ሕግ ከታሪኩና ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ ለመቅረጽ የሚረዳ ነው። ምሳሌዎቹ በእውን ከነበሩ ሥርዓቶች የተወሰዱ ሲሆን ኢትዮጵያን ደጋግሜ የማነሣው በአድልዎ አይደለም፤ በአንድ ሀገር ውስጥ ይህን ያህል የተደራረበ የሕግ ታሪክ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።

ከአንድ ክርክር መጀመር

ሕገ መንግሥት በመጻፍ አይጀምሩ። አንድ ጉዳይ ይምረጡና በዓለምዎ ባሉ ሀገራት ሁሉ እያዞሩ ያስዳኙት። ለምሳሌ በጠረፍ ገበያ በተነሣ ጠብ የአንድ ነጋዴ ግመል ነጂ ሰው ገድሎ ተያዘ እንበል። ክሱን የሚያቀርበው የሟች ወገን ነው ወይስ መንግሥት? ዳኛው በምን ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል? የተረታው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው? ፍርዱንስ ማን ያስፈጽመዋል?

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ930 ገደማ የተቋቋመው የአይስላንድ ጉባኤ፣ አልቲንግ፣ ሕግ አውጪ ሸንጎና ችሎቶች ነበሩት፤ ሕጉን በቃሉ የያዘ ሹምም በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ለሕዝብ እያሰማ በሦስት ዓመት ያዳርሰው ነበር። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ ንጉሥም ሆነ ፍርድ የሚያስፈጽም ሹም ስላልነበረ፣ የረታው ሰው ፍርዱን የሚያስፈጽመው በራሱና በወገኑ ጉልበት ነበር። ደካማው ባለጉዳይ የክስ መብቱን ለብርቱ ሰው ማስተላለፍ ይፈቀድለት ስለነበር፣ ብርቱዎች በሰው በደል ስም ክስ እየሰበሰቡ ኃይላቸውን የሚያደልቡበት መንገድ ተከፈተ። አስፈጻሚ በማጣት ብቻ እንዲህ ያለ ሙሉ የፖለቲካ ዓለም ይወለዳል፤ ምትሃትና ዘንዶ መጨመር አያስፈልገውም።

ግመል ነጂው በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ቢዳኝ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ሔር» በተባለው ልማዳዊ ሕጋቸው የግድያ ዕዳ የገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ካሳን አብሮ የሚከፍልና አብሮ የሚቀበል የጎሳ ክፍል አለ፤ የአንድ ወንድ ደም ካሳም በልማድ 100 ግመል ነው። እንዲህ ባለ ሀገር ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ገዳዩ የማን ወገን እንደሆነ ነው፤ ወገን የሌለው መንገደኛ ደግሞ ከማንኛውም ወንጀለኛ የባሰ አደጋ ላይ ይወድቃል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ደጋ ሥርዓት ዳኛው ነፍሰ ገዳይነቱን ከፈረደ በኋላ እንኳ የሟች ዘመዶች ወይ እንዲገደልላቸው መጠየቅ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይቅር ማለት ይችሉ ነበር። እዚህ መንግሥትና ወገን ሥልጣኑን ተካፍለውታል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ደግሞ ይህን የመሰለ መካከለኛ ሥርዓት ከሁለቱም ጫፎች ይበልጣል፤ ምክንያቱም ፍርዱ ከተነገረ በኋላም ታሪኩ አያልቅም።

ሕጉ ከየት መጣ?

አራቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ለእያንዳንዱ መልስ ምንጭ ይፈልጉለት። ሀገራት ሕጋቸውን ከባዶ አይጽፉም፤ ይወርሳሉ፣ ይዋሳሉ፣ ወይም ይጫንባቸዋል። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በአረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው፤ ያም ሆኖ በኢትዮጵያ የነገሥታትና የሊቃውንት መመኪያ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውንና 3367 አንቀጾች ያሉትን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱን ያረቀቁት ግን እንግሊዛዊው ቻርልስ ማቲው ስለነበሩ፣ ጥፋቱ በአህጉራዊው አውሮፓ ሕግ እየተለካ ክርክሩ በአብዛኛው የእንግሊዝን ሕግ በሚመስል ሥርዓት መመራት ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደነገገ፤ ይህም የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የበታቹን ከሚያስገድድበት ከእንግሊዝ ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ልማድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሀገር አንድ የሕግ ቤተሰብ (እንደ አህጉራዊው አውሮፓ ወይም እንደ እንግሊዝ ያለ የሕግ ሥርዓት) ብቻ መስጠት ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ቅይጡ ይበልጥ እውነት ይመስላል።

አዲሱ ሕግ አሮጌውን ምን እንዳደረገውም ይወስኑ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347፣ ተቃራኒ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ ሽሯል። በወረቀት የተሻረው ልማድ ግን በየቀበሌው በሽማግሌ ፊት መሥራቱን አላቆመም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ በር ከፈተ። በምናባዊ ሀገርዎም የተሻረ ነገር ግን ያልሞተ ሕግ ቢኖር፣ ገጸ ባሕርያቱ የትኛው በር እንደሚያዋጣቸው እያሰሉ ይንቀሳቀሳሉ።

ድል የተመታ ሀገር ሲኖር ድል አድራጊው ሕጉን በሙሉ ይለውጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። እንግሊዞች ኩቤክን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1774 ባወጡት ሕግ የራሳቸው የወንጀል ሕግ እንዲጸና አድርገው ለንብረትና ለሌሎች የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የፈረንሳዩን ሕግ መልሰዋል። ቅጣትን የሚቆጣጠር ሕዝቡን ይቆጣጠራል፤ ርስትና ውርስን የሚነካ ግን አመፅ ይጠራል። በተቃራኒው ማንም ሳያስገድዳት የምትዋስ ሀገርም አለች፤ ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1926 የስዊዘርላንድን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት ብቻ ለውጣ የተቀበለችው መንግሥቷን ከሃይማኖት ሕግ ለመለየት ነበር። በካርታዎ ላይ ከየትኛው ሀገር ወደ የትኛው ሕግ እንደ ፈሰሰ በቀስት ያመልክቱ፤ ቀስት የማይደርስበት ሀገር ካለ፣ ተለይቶ የቀረበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ድንበር ላይ የሚፈጠረው

ሁለት ሀገራት ሲነካኩ የሚነሣው ጥያቄ የባዕድ ሀገር ሰው በማን ሕግ ይዳኛል የሚል ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በፈረንሳይ መካከል የተፈረመው፣ በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው፣ ጥሩ አርአያ ይሆናል። በውሉ መሠረት ፈረንሳውያንና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ የሚዳኙት በቆንስላቸው ነበር፤ ክርክሩ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ዳኛና ቆንስሉ በአንድነት ይሰየሙ፣ የሚሠራበትም የተከሳሹ ሀገር ሕግ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ፣ ለአንድ ዓይነት ጥፋት ሁለት መልስ ይኖራል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ «በጥበቃ ሥር ያለ» መባል እንደ ገንዘብ ይፈለጋል፤ ተከሳሽ የሚሆነው ማን እንደሆነ መሽቀዳደምም የክርክሩ ዋና ብልሃት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካዘጋጁ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ማብራሪያ አይዘርግፉ። ሕግ የሚታየው በሥነ ሥርዓት ነው። በቀድሞው የሀገራችን ችሎት ባለጉዳዮቹ ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥም በተዋዛ ንግግር ይሟገታሉ፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ ዋስ የታጣ እንደሆነ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። ለእያንዳንዱ ሀገርዎ እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ተግባሮችን ይወስኑለት፦ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚናገር፣ በምን እንደሚማል፣ የሴት ወይም የባሪያ ምስክርነት ይቆጠር እንደሆነ፣ የተረታው ከችሎቱ ሲወጣ ምን ከፍሎ እንደሚወጣ። አንባቢው የሀገሩን ሕግ አንድም አንቀጽ ሳይጠቀስለት ያውቀዋል።