ዘሌዋውያን 16ን ሳሎን ውስጥ እንዴት እናጥናው?

ጂማ ውስጥ ማታ ማታ ቤት የምንሰበሰብ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለን። ባለፈው መስከረም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ዕብራውያን ምዕራፍ 9ን ጀመርንና ወዲያው ተያዝን። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንዴ የሚገባው የት ነው? ይዞ የሚገባው ደምስ የምን ደም ነው? መልሱ ስለ ስርየት ቀን፣ ማለትም የሕዝቡ ኃጢአት በዓመት አንዴ ስለሚሰረይበት ቀን በሚናገረው ዘሌዋውያን 16 ላይ አለ፣ እኛ ግን ያን መጽሐፍ ሁሌ እናልፈዋለን። እናንተም ልታጠኑት ካሰባችሁ፣ እኛን የረዳን መንገድ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ዕብራውያንን ዝጉት። ዘሌዋውያን 16ን ብቻ ጮክ ብላችሁ እስከ ቁጥር 34 አንብቡ። «ይሄማ ክርስቶስ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ቶሎ ወደ መስቀሉ የሮጠ ሰው የፍየሎቹን ነገር በደንብ አያየውም።

ከዚያ ክፍሉን አዘጋጁ። እኛ ሳሎኑ ጥግ ላይ እንደ መቅደሱ መጋረጃ ጋቢ ሰቀልን፣ ከጋቢው ጀርባ በርጩማ አስቀመጥን። በርጩማው የስርየት መክደኛው ነው፣ ማለትም የታቦቱ ክዳን። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ መቅደስ ዘው ተብሎ እንደማይገባ ከልጅነቱ ያውቃል።

አንድ ሰው ሊቀ ካህናት ይሁን። ያን ቀን ሊቀ ካህናቱ ያጌጠ ልብሱን ትቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ተራ የበፍታ ልብስ ይለብሳል። በመጀመሪያ ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ ወይፈን ያርዳል። ቀጥሎ ስለ ሕዝቡ ፍየል ያርድና ደሙን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። እሱ ውስጥ እያለ ድንኳኑ ውስጥ (ያኔ መቅደሱ ድንኳን ነበር) ሌላ ሰው መገኘት አይችልም። የእኛ ሊቀ ካህናት ጋቢውን ገልጦ ሲገባ ጀበናው ሲንተከተክ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ሁለቱ ፍየሎች ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ የምዕራፉ ልብ እዚህ ነው። ዕጣ ይጣልባቸዋል። አንዱ ይታረዳል። በሌላው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ሁሉ ይናዘዝበታል፣ ከዚያ አንድ ሰው ወደ በረሃ ወስዶ ይለቀዋል። አንዱ በደሙ ያነጻል፣ ሌላው ተሸክሞ ያርቃል። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ተመልሶ ቢመጣስ?» አለችኝ። ኦሪት እንደሚለቀቅ ብቻ ነው የሚናገረው፤ በኋላ የተጻፈው ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ግን ከገደል ይገፉት እንደነበር ይተርካል። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ የሄደው ኃጢአት እንዳይመለስ ሁላችንም እንፈልጋለን።

አሁን ዕብራውያንን ክፈቱ። 9፥12 ክርስቶስ በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ገባ ይላል። 13፥11-12 ደግሞ የእንስሶቹ ሥጋ ከሰፈር ውጭ መቃጠሉን ኢየሱስ ከከተማው በር ውጭ ከተቀበለው መከራ ጋር ያያይዘዋል። ሮሜ 3፥25ን አትርሱ፤ «ማስተስረያ» የተባለው የግሪክ ቃል ሂላስቴሪዮን ነው፣ በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ያው ቃል የታቦቱን ክዳን ይጠራል። በርጩማውን እያያችሁ አንብቡት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የፋሲካውን በግና የስርየት ቀኑን ፍየል አታምታቱ። የበጉ ደም ከግብፅ በወጡበት ሌሊት መቃንና ጉበን የተቀባው ነው፣ በዓሉም በሌላ ወር ነው የሚውለው፤ የስርየት ቀን የሰባተኛው ወር 10ኛ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ አይሁድ ይሄን ቀን የተዉት አይምሰላችሁ። ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ በኋላ መሥዋዕቱ ቢቀርም ዮም ኪፑርን እስከ ዛሬ በጾም፣ በጸሎትና በንስሐ ያከብሩታል። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ «አስተሰርዮ» ነበር የሚሉት፤ ስርየት ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለነሱ ስታወሩ እነሱ ቢሰሟችሁ በማታፍሩበት ቋንቋ ይሁን።

ደግሞ «ያለ ደም ምንም የለም» የሚል ሰው ካለ ዘሌዋውያን 5፥11ን አሳዩት። እርግብ እንኳ መግዛት ያቃተው ድሃ ዱቄት ያቀርብ ነበር፣ ኃጢአቱም ይሰረይለት ነበር። ይሄን ቁጥር በጣም ነው የምወደው።

ማቴዎስ 27፥51ን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ጋቢውንም እስከዚያ አታውርዱት። እኛ ጋ መጋረጃው ከላይ እስከ ታች ተቀደደ የሚለው ሲነበብ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ተነሱ። ማንም ምንም አላላቸውም። ጋቢውን ከላይ ከምስማሩ ፈተው አወረዱትና በርጩማው ፊት ቆመው አለቀሱ።