የመመረቂያ ፈተና ሐሳብ ሲቀርብ፦ የማሳቹሴትስ ወላጅ ረቂቁን እንዴት ያንብብ፣ አስተያየቱንስ እንዴት ያሰማ?

በማሳቹሴትስ ልጆች የምናሳድግ ብዙዎቻችን ኤምካስ የሚባለውን የስቴት ፈተና የምናየው በማትሪክ ዓይን ነው። አገር ቤት አንድ ፈተና የልጅን ዕጣ ሲወስን አይተን ስላደግን፣ እዚህም አሥረኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ ነገሩ ሁሉ ያበቃለት ይመስለናል። ስጋቱ ለረጅም ጊዜ መሠረት ነበረው። በ1993 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ተከትሎ፣ ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ ከ2010 ተመራቂዎች ጀምሮ ደግሞ ሳይንስ ያላለፈ ተማሪ ዲፕሎማ አያገኝም ነበር። በኖቬምበር 2024 ግን የስቴቱ መራጮች «ጥያቄ ቁጥር 2» ተብሎ በቀረበላቸው ምርጫ፣ ከመቶ 59 ገደማ በሆነ ድምፅ ይህን ግዴታ አነሡ። ፈተናው መሰጠቱ አልቀረም፤ የፌደራሉ ሕግ ተማሪዎች በሃይስኩል ቢያንስ አንድ ጊዜ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ ያዛል። የተነሣው በውጤቱ ምክንያት ዲፕሎማ መከልከሉ ነው።

አሁን አዲስ ሐሳብ እየቀረበ ነው። አገረ ገዥ ሞራ ሂሊ ያቋቋሙት የምረቃ ምክር ቤት በ2025 መጨረሻ ይፋ ባደረገው የመጀመሪያ ሪፖርቱ፣ ስቴቱ የሚያዘጋጃቸው የኮርስ ማብቂያ ፈተናዎች እንዲኖሩ፣ ተማሪውም የማጠቃለያ ፕሮጀክት ወይም ፖርትፎሊዮ (የሠራቸውን ሥራዎች ስብስብ) እንዲያቀርብ ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ በልጅዎ ላይ ከመጽናቱ በፊት በስቴቱ የትምህርት ቦርድ ደንብ ወይም በሕግ አውጪው ምክር ቤት በኩል ማለፍ አለበት። የወላጅ ድምፅ የሚደመጠውም በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ነው።

ረቂቁ ሲደርስዎ መጀመሪያ ግሡን ይመልከቱ። ፈተናው «ይሰጣል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከኮርሱ ግሬድ ጋር «ይታሰባል» ማለት ሌላ ነው፤ ለዲፕሎማ «ማለፍ ግዴታ ነው» ማለት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ቀጥሎ የትኛውን የተመራቂ ዓመት እንደሚመለከት ይፈልጉ፤ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅና አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ታላቁ በተለያየ ደንብ ሊመረቁ ይችላሉና። በሌላ ስቴት ያለ ዘመድ በስልክ የሚነግርዎትም ለእርሱ ልጅ እንጂ ለእርስዎ ልጅ መመሪያ አይሆንም። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ሪጀንትስ የሚባሉትን ፈተናዎች ከ2027–28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከምረቃ ግዴታነት ለማውጣት ወስናለች።

ረቂቁ እስኪጸድቅ ድረስ የልጅዎን ብቃት የሚያረጋግጠው የትምህርት አውራጃው (የአካባቢዎን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) ነው፤ መለኪያውም የተወሰኑ ኮርሶችን በሚገባ ማጠናቀቅ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) ቀጠሮ ይጠይቁና ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የኮርሶቹንና የውጤቶቹን ዝርዝር፣ አብራችሁ ተመልከቱ። ለምረቃ የሚቆጠሩት የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ልጁም የትኞቹን እንደጨረሰ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በሚገባዎት ቋንቋ እንዲነገርዎ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው የትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ልጅዎ ስለ ራሱ ውጤት አስተርጓሚ እንዲሆን አይፍቀዱ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ከአገር ቤት መጥቶ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ነው። በቀድሞው ሥርዓት በፈተናው ምክንያት ብቻ ዲፕሎማ የሚከለከሉት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ በብዛት እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉና ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ነበሩ። ባዮሎጂን በአማርኛ ሊያስረዳ የሚችል ልጅ በእንግሊዝኛ የቀረበ ረጅም ጥያቄ ሲያቅተው፣ የተለካው ባዮሎጂ ነው ለማለት ይከብዳል። በኤምካስ ላይ እንግሊዝኛ ተማሪዎች ትርጓሜ ሳይሰጥ ቃልን በቃል ብቻ በሚተካ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንዲጠቀሙ ይፈቀድ ነበር፤ በአሥረኛ ክፍል ሒሳብም ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ፈተና ነበር። አዲሱ የኮርስ ማብቂያ ፈተና መዝገበ ቃላቱን ይፈቅዳል ወይ? አማርኛን ለመሰሉ ተናጋሪያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቋንቋዎችስ ምን ታስቧል? እንደ እኔ እምነት፣ ለእነዚህ ልጆች ፖርትፎሊዮው በፈተናው ላይ የሚደረብ ሌላ ሸክም ሳይሆን ፈተናውን የሚተካ እውነተኛ አማራጭ ሊሆን ይገባል፤ ይህንንም በአስተያየታችን ደጋግመን መጠየቅ አለብን።

ይህ ጥያቄ የፍርድ ቤት መሠረትም አለው። ፍሎሪዳ ዲፕሎማን በፈተና ላይ ባንጠለጠለች ጊዜ ደብራ ፒ. በሚል ስም በተመዘገበው ክስ፣ የፌደራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1981 ስቴቱ ተማሪዎችን ባልተማሩት ነገር ፈትኖ ዲፕሎማ ሊከለክላቸው እንደማይችል ወስኗል፤ በቂ የቅድሚያ ማስታወቂያ የሚለውም ጉዳይ በዚያው ክርክር ተነሥቷል። ስለዚህ ረቂቁን ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹ ለመዘጋጀት ስንት ዓመት ተሰጥቷቸዋል? ዘግይቶ የመጣው ልጅስ የሚፈተንበትን ኮርስ በእርግጥ ተምሯል?

አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አያስፈልግም። ቦርዱ አንድ ደንብ ለሕዝብ አስተያየት ሲያወጣ የማብቂያ ቀን ያስቀምጣል፤ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩ። በአካል ለመናገር ካሰቡ የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ይበቃል፤ አስተርጓሚም አስቀድመው ይጠይቁ። በመክፈቻው የሚኖሩበትን ከተማና የልጅዎን ክፍል ይግለጹ፤ ከዚያ የረቂቁን አንድ አንቀጽ ጠቅሰው እንዲለወጥ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። አምስት ቅሬታ ከመደርደር አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ ይሻላል። የሚጽፉት ማንም ሊያነበው የሚችል የሕዝብ ሰነድ ስለሚሆን የልጁን ስም፣ ውጤቱንና የኢሚግሬሽን ሁኔታውን አይጻፉበት። ቅጂውን ለአካባቢዎ የስቴት ተወካይና ሴናተር፣ እንዲሁም ለከተማዎ የትምህርት ኮሚቴ ይላኩ።

ከዓመታት በፊት ኮርሶቹን ሁሉ ጨርሶ በኤምካስ ብቻ ዲፕሎማ የቀረበት ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ካለዎት ደግሞ፣ አዲሱን ረቂቅ ሳይጠብቁ የተማረበትን የትምህርት አውራጃ ያነጋግሩ። የቀድሞ ተማሪዎች በአሁኑ ሕግ ዲፕሎማቸውን የሚጠይቁበት መንገድ ምን እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ ማቅረብ እንዳለባቸውም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የድሮውንም ትራንስክሪፕት ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ።